ጫፉ የተቀደደ የገና ካርድ

የሰላምታ ካርድ የሚሠራበት ቤት ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ አጠገብ፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ያላት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ዳያን የምትባል ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማትናገር አሜሪካዊት ናት። ወንበር ሰጠችኝ፤ ከአጥንት የተሠራ የወረቀት ማጠፊያ ሰጠችኝ፤ ቀጥላ እንቁላል ሲቀቀል የሚጮኸውን ዓይነት የወጥ ቤት ሰዓት ፊቴ አስቀመጠች። «በአሥር ደቂቃ ሃያ ካርድ» አለችኝ።

ሰዓቱ ሲጮኽ ያጠፍኩት አሥራ አንድ ነበር። እንደገና ሞላችው፤ አሥራ ሦስት ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትሞላው እጇን ስትዘረጋ ሰዓቱን አነሳሁና መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። «የምትፈልጊው ቶሎ ነው ወይስ ቀጥ ያለ?» አልኳት። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ግማሹን በእጄ ነው ያስረዳኋት።

ሴትየዋ ታባርረኛለች ብዬ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። እሷ ግን ያጠፍኳቸውን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያዞረች አየቻቸው። ጫፍና ጫፋቸው ገጥሟል። መልሳ ደርድራቸው ሄደች። በማግስቱ ስገባ «እንደ ትናንቱ» ብቻ አለችኝ፤ ሰዓቱንም ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ጉራ አይደለም፤ ወረቀት አውቃለሁ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ጥረዛ ክፍል፣ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ነበር። አንሶላ ሳነጥፍ እንኳን ጠርዙን እንደ መጽሐፍ ሽፋን ነበር የማጥፈው፤ ሱፐርቫይዘሬ ትስቅብኝ ነበር።

ዳያን ቤት ማዕረጉ አራት ነው፦ አጣፊ፣ ቆራጭ፣ አታሚ፣ ቀራጺ። ሁለት ዓመት አጠፍኩ፤ ሦስት ዓመት ቆረጥኩና አተምኩ። በስድስተኛው ዓመት ዳያን የራሷን መቅረጫ ሰጠችኝ። የምንቀርጸው ሊኖ ላይ ነው፤ እንደ ጎማ የለዘበ ሰሌዳ ማለት ነው። እንዲታተም የማትፈልጉትን እየፋቃችሁ ታወጡታላችሁ፤ በቀረው ላይ በሮለር ቀለም ትቀባላችሁ፤ ወረቀቱን ትጫኑበታላችሁ። ሥዕሉም ፊደሉም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሰሌዳው ሄደ ማለት ነው፤ ሊኖ ላጲስ የለውም።

የዓመቱ ፈተና ከምስጋና ቀን እስከ አሜሪካኖቹ ገና ያሉት አራት ሳምንታት ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ካርድ ትዝ ያላለው ሰው ሁሉ ያኔ ይመጣል። አንዲት የሮክቪል ጠበቃ ረቡዕ መጥታ ለእሑድ መቶ ካርድ ጠየቀች፤ በእጅ የተሠራ፣ ወፍ ያለበት፣ በሁለት ቀለም። ዳያን አልነበረችም። «በአንድ ቀለም አርባ እሠራልሻለሁ፤ ስድሳዎቹን ደውለሽ እንኳን አደረሳችሁ በያቸው» አልኳት። ቀይ ሆነች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን መሰረዝ ጀመረች። እሑድ አርባውን ስትወስድ «ለካ ብዙዎቹን አልወዳቸውም» አለችኝ።

ጊዜ ሲያጥር የምናደርገው ይህንኑ ነው። ቁጥር እንቀንሳለን፤ ቀለም እንቀንሳለን፤ ሥዕሉን ትንሽ እናደርገዋለን። ካርዱን አንድ በአንድ ከመጨረስ ይልቅ መጀመሪያ ሁሉንም እናጥፋለን፣ ቀጥሎ ሁሉንም እናትማለን። ማታ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግሞ መቅረጫ አንነካም፤ የደከመ እጅ የሚያበላሸውን ሌላ ቀን አይመልሰውም።

ዳያን ጡረታ ስትወጣ ቤቱን ለወንድሟ ልጅ ለኬቨን ተወችው። ኬቨን ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። በመጀመሪያው ኖቬምበር ትልቅ ፕሪንተር አስገባ። የኔን የድሮ ሥዕሎች ስካን አደረገና በአንድ ቀን ዳያን በወር የማትሠራውን አተመ። ከዚያ ሳጥን ሙሉ ትንንሽ ስቲከር አመጣ። «በእጅ የተሠራ» ይላል። እኔና ሰናይት ሪባን እያሰርን ከጀርባው እንድንለጥፍ ነው። ሰናይት ከኔ ጋር አሥር ዓመት የሠራች አታሚ ናት።

«ይህ በእጅ የተሠራ አይደለም» አልኩት።

«ሪባኑን በእጅሽ ታስሪያለሽ አይደል?»

«እንግዲያው ሪባኑ በእጅ የታሰረ ነው ብለህ ጻፍበት።»

«ደንበኛው እኮ ልዩነቱን አያውቅም» አለኝ።

«ለማያውቅ ሰው ለመዋሸት እኔን ምን አስፈለገህ? ስቲከሩን አንተ ለጥፍ» አልኩት። ሰናይት አንገቷን ደፍታ ሪባኗን ታስራለች፤ ሦስት ልጅ አላት፤ አልፈርድባትም።

ኬቨን አንድ ወረቀት አወጣ። አዲሱን አሠራር ተቀብያለሁ የሚል ነው። አልፈርምም አልኩ። «እስከ ጃንዋሪ ስምንት ቦታሽን እይዝልሻለሁ፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ መጥተሽ ትፈርሚያለሽ» አለኝ። የራሴን መቅረጫ፣ ሮለሬንና የአጥንት ማጠፊያዬን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ባለቤቴ በለጠ ዲሲ መሃል ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። የስኳር ሕመም አለበት። የሁለታችንም የጤና ኢንሹራንስ በኔ ሥራ በኩል ነበር። የሆነውን ስነግረው «እልህ ምላጭ ያስውጣል፣ ወይኒ» አለኝ።

«የምውጠው እኔ ነኝ» አልኩት።

«ኢንሱሊኑን የምወጋው ግን እኔ ነኝ።»

ስለዚህ ተስማማን። በራሴ ስም አንድ ትዕዛዝ፣ አንድ ብቻ፣ በደንብና በሰዓቱ ካደረስኩ፣ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ፤ ኢንሹራንሱንም በራሳችን እንገዛለን። ካልሆነ ጃንዋሪ ስምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሄጄ እፈርማለሁ። ስቲከሩንም እለጥፋለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ።

ትዕዛዙ በዲሴምበር አጋማሽ መጣ። የደወሉት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከዲሲ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን አረጋውያን የሚጠይቅ ማኅበር ሰብሳቢ። «ወይኒ ሥራ ለቀቀች አሉ። እንግዲያው ጊዜ አለሽ ማለት ነው» አሉኝ። ለየሰዉ በእጅ የሚሰጥ መቶ ስድሳ የገና ካርድ ፈለጉ፤ ሰዎቻቸው በዲሲ ዙሪያ ከሎረል እስከ ሄርንደን ተበትነዋል።

«አምና ከሱቅ ገዛን። ቀይ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ነበረበት። የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው ያ ምን ይሠራለታል? ዘንድሮ ማሽን የነካው እንዳይሆን። ሰው ቁጭ ብሎ እንደሠራላቸው ይወቁት።»

«መቼ ይድረስ፣ እትዬ አስካለ?»

«ቅዳሜ፣ በዋዜማው፣ እኩለ ቀን ሳያልፍ። ስም እንጽፍበታለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናድላለን።»

ላሚቱና አህያው አንገታቸውን ደፍተው ሕፃኑን በትንፋሻቸው ሲያሞቁ ቀረጽኩ። ከሥሩ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ» አልኩ። ሁለት ጣት ዝቅ ብዬ ደግሞ በግዕዝ ቁጥር «ታኅሣሥ ፳፱»። ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሳየው ደስ አለኝ፤ የላሚቱን ዓይን በተለይ ወደድኩት።

ያዘዝኩት የጥጥ ወረቀት በበዓሉ ጥድፊያ መንገድ ላይ ቀርቶ በሳምንት ዘገየ። ከደረሰ በኋላ ማተሚያ ስለሌለኝ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ እያሸሁ አተምኩ። መቶ ሰባ አራት ወጣልኝ፤ አሥራ አራቱ መጠባበቂያ ነው። የዘይት ቀለም ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከመጋረጃው ዘንግ እስከ ወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ገመድ ዘርግቼ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። በለጠ ከሥራ ሲመለስ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። «በገዛ ቤቴ እየሰገድኩ ሆነ የምሄደው» ይላል። በየካርዱ ጀርባ ራሴ የቀረጽኩትን ትንሽ ማኅተም መታሁ፦ «በእጅ የተሠራ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ»።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ እትዬ አስካለ ሜትሮ ባቡር ተሳፍረው ሊያዩት መጡ። ሁለት ቀን ቀርቶናል፤ ሥራው አልቋል፤ እኔ ኩራቴ አናቴ ላይ ወጥቷል። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ካርድ አዩት። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ወይኒ፣ ዘንድሮ ዘመነ ማን ነው?»

«ሉቃስ አይደለም እንዴ?»

«ሉቃስማ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ አለፈ። ዮሐንስ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚውለው በሃያ ስምንት ነው፣ የኔ ልጅ።»

ቆሜ ቀረሁ። ልክ ናቸው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀኑ ይገፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልደት ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ይከበራል። ድሮ ይህን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። እዚህ ግን ከአለቃችን ፈቃድ የምንጠይቀው ለ«ጃንዋሪ ሰባት» ነው፤ ስልካችን ላይም የምንጽፈው እሱኑ ነው። ጃንዋሪ ሰባት ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ታኅሣሥን ሳልቆጥር ስንት ዓመት እንደሆነኝ እንኳን አላውቅም። አፈርኩ፤ እውነት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ አስካለ አዘኑልኝ። «ግድ የለም፣ ግማሾቹ ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን ያየዋል?» አሉኝ። መነጽራቸውን እያወለቁ፣ «አንድ መሪጌታ አሉ ሎረል። አልጋ ላይ ሆነው እስካሁን ባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ። እሳቸው ካዩት ግን አበቃልሽ» ብለው ጨመሩ። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን እንደሚጠብቁኝ ነግረውኝ ሄዱ።

ለሰናይት ደወልኩ፤ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። ካርዱን አየችና ወዲያው መፍትሔ አገኘች። «ስካን ላድርገው። ሃያ ዘጠኙን ሃያ ስምንት ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገ በላንች ሰዓት ፕሪንት አድርጌ ይዤልሽ እመጣለሁ። ኬቨን ኖቲስ አያደርግም።»

በለጠ ከወጥ ቤት ሆኖ ይሰማል። አንገቱን ብቅ አድርጎ «እሺ በያት» በሚል ዓይን አየኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ልል ነበር። መቶ ስድሳ ካርድ በአንድ ሰዓት! ማንም አያውቅም። ያኔ ካርዱን ገለበጥኩትና ማኅተሜን አየሁ።

«ይህንን ካደረግኩ ለምን ወጣሁ? አሁኑኑ ሄጄ ልፈርምለታ! ቢያንስ እሱ ጋ የምለጥፈው የሰው ስቲከር ነው። ይህ የኔ ነው» አልኳት።

«የኔ እመቤት፣ ሰው እኮ ይሳሳታል።»

«መሳሳቱን ተሳስቻለሁ። መዋሸት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው» አልኩ፤ ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፣ ጎረቤት ግድግዳ መታ።

ያሉትን መንገዶች ሁሉ ሞከርኩ። ቁጥሩን በምላጭ ስፍቀው ወረቀቱ ጸጉር አወጣ። በላዩ ቁራጭ ስለጥፍበት ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር መሰለ። እንደገና እንዳላትም ወረቀት የለም፤ ቢኖርም የዘይት ቀለም በሁለት ቀን አይደርቅም። በለጠ በሩን ተደግፎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። ሊያስቀኝ ነው። እኔ ግን በንዴት በእጄ የያዝኩትን ካርድ ከታች ይዤ ቀደድኩት።

የተቀደደው ክፍል ቀኑ ያለበት ነበር። ፍጹም ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ካርዱ ከላይ የሚታጠፍ ስለሆነ የፊቱ ገጽ ከታች ሁለት ጣት ሲያጥር የኋላው ገጽ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። ሦስታችንም እሱን ማየት ጀመርን።

ወረቀት እንደ ጨርቅ ክር አለው። ካርድ የሚታጠፈው በክሩ መንገድ ነው፤ ከእጥፉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከቀደዳችሁትም ክሩን ተከትሎ ይሄዳል። የጥጥ ወረቀት ደግሞ ሲቀደድ ጫፉ እንደ ነጠላ ዘርፍ ለስለስ ይላል። ስምንት ዓመት ጥረዛ ክፍል ተቀምጬ ወረቀት እንዳይቀደድ ስጠብቅ ኖሬ፣ ያዳነኝ መቅደድ ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ትንሽ ሰሌዳ ላይ «ታኅሣሥ ፳፰» ብዬ ቀረጽኩ። ከመቅረጼ በፊት ለእትዬ አስካለ ደውዬ ቀኑን ሁለት ጊዜ አስነገርኳቸው። የብረት ማስመሪያ ከሰላምታው ሥር አስቀምጬ በግራ እጄ እጫናለሁ፤ በቀኜ ወደ ላይ እስባለሁ። ትንሽ ከፈጠኑ ወደ ላሚቱ እግር ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን አምስት አበላሸሁ። ሰናይት ከሰዓት ፈቃድ ጠይቃ መጣች፤ ብቅ ባለው ነጭ ቦታ ላይ ቀኑን በቀይ ታትማለች። ቀዩ የውሃ ቀለም ነው፤ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። በለጠ ይሰቅላል፣ ያወርዳል፣ የደረቀውን በአሥር በአሥር ያስራል። «ፓርኪንግ የለመደ እጄን ጸሐፊ አደረግሽው» ይለኛል።

ማታ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አርባ ሁለት ይቀሩ ነበር። ከመጠባበቂያው ሦስት ብቻ ቀርቶናል። ሁለቱም እንጨርስ አሉ። ማስመሪያውን አስቀመጥኩ። «ጣቴ አይሰማኝም። አሁን ከቀጠልኩ አራት አበላሻለሁ፤ አራት ደግሞ የለኝም» አልኳቸው። በለጠ ራሱን እየነቀነቀ መብራቱን አጠፋ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ቀደድኩ። መቶ ስድሳ አንድ ነው፤ አንዱ ተርፏል። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይጥላል፤ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ መኪና በእግር ጉዞ ይሄዳል። በለጠ ይነዳል፤ እኔ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ፤ ሰናይት ከኋላ ሆና ትመክረኛለች። «ጫፉ ምንድን ነው ካሉሽ ዲዛይን ነው በያቸው። ደግሞም ያምራል።»

ሃያ ጉዳይ ለስድስት ሰዓት ላይ አሌክሳንድሪያ ደረስን። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ቀኑን አዩ። ከዚያ በጣታቸው የተቀደደውን ጫፍ ዳሰሱት።

«ይህ ጫፉ ምን ሆኖ ነው?»

ሰናይት በክርኗ ነካችኝ።

«ቀኑን ስለተሳሳትኩ ቀድጄ አውጥቼው ነው። መቶ ስድሳውንም በእጄ ነው የቀደድኩት፤ ማሽን አልነካውም። ካልፈለጓቸው ይመልሷቸው» አልኳቸው። ድምፄ እንደመቆጣት ሳይል አልቀረም።

«አንቺ ደግሞ ማን ይመለስ አለሽ?» አሉኝ። አንዱን ካርድ አውጥተው ለብቻው አስቀመጡ። «ይህንን ለመሪጌታ ራሴ ነኝ የምወስደው። የሆነውንም እነግራቸዋለሁ።»

«ኧረ እትዬ አስካለ!»

«ዝም በይ።»

እሑድ ማታ ደወሉልኝ፤ እየሳቁ ነበር። መሪጌታ ካርዱን ሲቀበሉ ሥዕሉን አላዩም፣ ሰላምታውን አላነበቡም። ካርዱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቀኑን አዩና «ሃያ ስምንት! ተመስገን፣ በአሜሪካ አንድ የሚቆጥር ሰው ተገኘ» አሉ። እትዬ አስካለ ታሪኩን ሲነግሯቸው መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ካርዱን ከራስጌያቸው አስሰቀሉት። እኔም ስሰማ ሳቅኩ፤ ስልኩን ዘግቼ ደግሞ አለቀስኩ። ድካሙ ያኔ ነው የወጣልኝ።

ሰኞ ጠዋት ኬቨን ራሱ ደወለ። አንድ ሰው የካርዱን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አይቶታል። ስለ ፊርማው አላነሳም። «ያንን የተቀደደ ጫፍ ወድጄዋለሁ። ጫፍ የሚቀድ ማሽን እንዳለ አጣርቻለሁ። አንቺ መጥተሽ እንዴት መምሰል እንዳለበት ታሳዪናለሽ» አለኝ። በለጠ ሻዩን ይዞ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ድምፁን ከፍ አድርጌለት ስለነበር ይሰማል።

«ማሽንህ መጀመሪያ ቀን ይሳሳት፤ ከዚያ ደውልልኝ» አልኩትና ዘጋሁት።

በለጠ ሻዩን አስቀመጠ። መሳቢያውን ከፍቶ የኢንሹራንሱን ፎርም አወጣና እስክሪብቶ አቀበለኝ። «በይ ስምሽን ጻፊ። ሥራ በሚለው ላይ የራሷ ብለሽ ሙዪ» አለኝ።

ይህ ከሆነ ሁለት ገና አልፏል። ሰናይት አሁን ከኔ ጋር ናት። ጫፉን ከዚያ ወዲህ ቀድደን አናውቅም፤ ቀን ስለማንሳሳት አያስፈልገንም። ይህንን ሥራ ለምትጀምሩ ያለኝ አጭር ነው። ጊዜ ባጠረ ቁጥር ማሽን የሚያውሳችሁ ደግ ሰው አይጠፋም፤ አመስግኑትና መልሱት። ከጀርባው «በእጅ የተሠራ» ብላችሁ ካተማችሁ፣ በእጅ ሥሩት።